ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት ጉርድ ፎቶግራፍ

ደምመላሽ ለደሴ ማዘጋጃ ቤት ፎቶ ማንሳት የጀመረው በ1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ወለል ሲጠርግ፣ አበባና ፏፏቴ የተሣለበትን መጋረጃ ሲሰቅልና ሲያወርድ፣ ሕፃን ሊነሳ ሲመጣ እንዳያለቅስ ከካሜራው ኋላ ቆሞ ሲያፏጭ ነበር የኖረው። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው የለም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ምሳ ሲሄድ በተራረፈው የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የተጣለ ቁራጭ ወረቀት ያጥባል። የፊልም ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ከሰው በተዋሰው መዝገበ ቃላት እየፈታ ያነባል። ማዘጋጃ ቤቱ ፎቶ አንሺ ሲፈልግ ጌታው ራሱ፣ "ከኔ ይልቅ ጠራጊዬ ያውቃል" ብሎ ላከው። ደምመላሽ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ፣ "እግዚአብሔር በር ሲከፍት ድምፅ አያሰማም" ይል ነበር።

ለሥራው የተሰጡት አንድ ዜኒት ካሜራ፣ አንድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ደግሞ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናቸው። ክፍሏን ለፊልም ማጠቢያ አጸዳ፤ መስኮቷን በጥቁር ጨርቅ ደፈነ፤ አምፖሏን ቀይ ቀባ። ልጆቹ አባታቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ "ጨለማ ክፍል አለው" ነበር የሚሉት፤ ሰው ሁሉ እየደነገጠ ያያቸዋል፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበርና።

የማዘጋጃ ቤት ፎቶ አንሺ ሥራ ከተማን መከተል ነው። የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ይሄዳል። ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ ሲተከል ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት ሳይቀሩ፣ የምስክር ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሲቆሙ ያነሳል። መስከረም ሁለት ሆጤ ሜዳ ላይ ሰልፍ ሲያልፍ ከሰልፈኛው እኩል ይሮጣል። አንድ ጊዜ አንዱን ባለሥልጣን፣ "ጓድ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉልኝ" ቢለው ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ፣ "እኔ ወደ ቀኝ አልልም" አለው። ከዚያ ወዲህ ደምመላሽ ማንንም ወደ ቀኝ ብሎ አያውቅም። እሱ ራሱ ከነካሜራው ወደ ግራ ይሄዳል።

ያ ዘመን ከብዙ ቤት ሰው የወሰደ ነው። ደምመላሽም ማንሳት ያልወደደውን ያነሳበት ቀን አለ፤ ስለዚያ ሲጠየቅ "እሱን ተወው" ብሎ ያማትባል። ነገር ግን ክፉ በተባለውም ዘመን ሰው ሰውን ይፈልግ ነበር፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይጠፋፋም ነበር። ይህ ታሪክ ከደጉ ወገን ነው።

አልፎ አልፎ ወደ ኮምቦልቻም ይላካል። ከደሴ ብርድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ካሜራውን ወዲያው ቢከፍተው መስተዋቱ ያልበዋል፤ ሥዕሉ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ይህን ያወቀው አንድ ሙሉ የስብሰባ ፊልም ካበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመኪና እንደወረደ ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ ታቅፎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። የኮምቦልቻ ሰዎች፣ "ደምመላሽ፣ ሕፃኑ ተኛልህ?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ቤቱ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። ከሚስቱ ከአልጣሽና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በሚኖርበት ግቢ አጥር ማዶ እማማ ጣይባ የሚባሉ ባልቴት አሉ። አንዱ ቤት መድኃኔዓለም ይላል፣ ሌላው ቤት አላህ ይላል፤ በበዓል ሥጋው ይለያያል እንጂ ድግሱ አይለያይም። እማማ ጣይባ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያላቸው፤ ከሪማ ትባላለች። አግብታ ባሏ ወደብ ላይ ስለሚሠራ አሰብ ገብታለች።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት እንደገባ ከከሪማ ደብዳቤ መጣ። እንደ ወትሮው ያነበበላቸው ደምመላሽ ነው። "እናቴ ሆይ፣ በኅዳር አጋማሽ ነው ይሉኛል። የመጀመሪያዬ ነው፣ ፈርቻለሁ። ባለቤቴ ፈቃድ ስላጣ ወደ አንቺ መምጣት አልቻልኩም። እዚህ እጄን የሚይዝ ሰው የለኝም፤ አንቺ ነይልኝ።"

"እሄዳለሁ" አሉ እማማ ጣይባ፣ ደብዳቤው ሳያልቅ። "ኢንሻላህ እሄዳለሁ።"

መሄዱ ግን እንደ አፍ አልነበረም። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ያለ መታወቂያ ይለፍ ወረቀት አይሰጥም። መታወቂያው ደግሞ የዚያ ሰሞን እየተለወጠ ነበር፤ አዲሱ ያለ ፎቶግራፍ አይሆንም። ፎቶ እንዲያነሳ ከማዘጋጃ ቤት ለቀበሌው የተላከው ራሱ ደምመላሽ ስለነበር እማማ ጣይባ፣ "አብሽር፣ ሰው አለኝ" ብለው ተኙ።

የመታወቂያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ቀለሙ የሚባል፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው። አዳራሹ በር ላይ በገዛ እጁ የጻፈውን ማስታወቂያ ለጥፏል፤ "ራስ ያልተሸፈነ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት ጉርድ ፎቶግራፍ" ይላል። ደምመላሽ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ ከፊቱ ለሚነሳው ሰው መቀመጫ ዱካ አስቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ ያነሳል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። አንድ ቄስ፣ "ራሴን ለእግዚአብሔር እንጂ ለቀበሌ ገልጬ አላውቅም" ብለው እያጉረመረሙ ጥምጣማቸውን ፈቱ። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ሻሻቸውን ገፋ አደረጉ። እስላም ሴቶች ግን እስከ በሩ ይመጣሉ፤ ማስታወቂያው ሲነበብላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ይመለሳሉ።

እማማ ጣይባ ገቡና ዱካው ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ እንዳታስረጀኝ ብቻ።"

"እማማ፣ ሻሽዎን ትንሽ ወደ ኋላ፤ ጆሮዎ እንዲታይ።"

"የቱ ጆሮዬ?"

"ሁለቱም ነው የተባለው።"

እማማ ጣይባ ሻሻቸውን አጠበቁ። "አንተ ጆሮዬን አይተህ ታውቃለህ?"

"ኸረ እኔ አላውቅም እማማ።"

"አስር ዓመት አጥር ተጋርተን ጆሮዬን ሳታይ ጣይባ መሆኔ ጠፍቶህ ያውቃል?"

"የለም።"

"እንግዲያው መንግሥትም በፊቴ ይወቀኝ" ብለው ተነስተው ሄዱ።

ደምመላሽ ሥራውን አቋርጦ ጓድ ቀለሙ ዘንድ ገባ። ጓድ ቀለሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከክፋት ይልቅ ፍርሃት ነበረበት።

"ጓድ ቀለሙ፣ የሴቶቹ ፊት ይታያል። ፊት ከታየ ሰው ይታወቃል።"

"መመሪያው ጆሮ ይላል።"

"መመሪያውን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አለ ጓድ ቀለሙ። "ግን መመሪያ አንዴ ከወጣ የእኔ አይደለም። ያስቡት እስቲ፤ ጢም ይላጫል፣ ፀጉር ይቆረጣል፣ ጆሮ ግን አይለወጥም። ነገ ሰርጎ ገብ ቢገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እማማ ጣይባ ናቸው ሰርጎ ገብ? ልጃቸው አሰብ ላይ ልትወልድ ነው። ካልደረሱላት ብቻዋን ናት።"

ጓድ ቀለሙ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። "እኔም እናት አለችኝ ጓድ ደምመላሽ። ቢሆንም እስከ ጥቅምት ሠላሳ ፎቶ ያላመጣ ካርድ አያገኝም።"

በማግሥቱ ደምመላሽና እማማ ጣይባ ሆነው ሼህ ጀላል ዘንድ ሄዱ። ሼህ ጀላል ብዙ ሰው ለእርቅ የሚፈልጋቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ አዛውንት ናቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ችግር ሲጠና ሃይማኖታችን መውጫ አለው" አሉ። "ካርዱን የሚጠይቅ ዘበኛ አይቶ ይመልሳል፤ እሱ በግድ ነውና አይቆጠርብሽም። ነገር ግን አጠገብሽ ሌላ መንገድ እያለ ችግር ነው ብሎ መገለጥ ስንፍና ነው። ሴት ታንሳሽ፤ የሚያጥበውም ሴት ትሁን።"

"ሴት ፎቶ አንሺ ከየት ትምጣ ሼሁ?" አለ ደምመላሽ።

"ሴት ሐኪም መጥታለች፣ ሴት መምህር መጥታለች። ሴት ፎቶ አንሺ እንዳትኖር የሚከለክል ኪታብ እኔ አላየሁም" አሉና ሳቁ።

ደምመላሽ ቤቱ ገብቶ ይህን ሲያወራ አልጣሽ ሽሮ እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠች። "እኔስ ዓይን የለኝም?"

"አለሽ።"

"እጅስ?"

"አልጣሽ፣ ካሜራው የመንግሥት ነው። ከእኔ ሌላ እጅ እንዳይነካው ፈርሜበታለሁ።"

"እማማ ጣይባ የመጀመሪያዋን ልጃችንን ስወልድ እጄን ይዘው ያደሩት ፈርመው ነው?"

እውነቷን መሆኑን ደምመላሽ ያውቃል። ፍርሃት ግን ነበረው። ከሥራ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ "የመንግሥት ንብረት አባከነ" የምትል አንዲት ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ታሳስራለች። እሑድ መድኃኔዓለም ሲያስቀድስ ከጸሎቱ ይልቅ ካሜራው ፊቱ ላይ ይመጣበት ነበር። ከቅዳሴ መልስ ግን ጀርባውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አየና ካሜራውን ለአልጣሽ ሰጣት፤ እሱ ግድግዳው ሥር ቆመ።

"ምን ይታይሻል?"

"አንተ።"

"ከየት እስከ የት?"

"ከግንባርህ እስከ ሁለተኛው ቁልፍህ።"

"ፀጉሬስ?"

"የትኛው ፀጉርህ?" አለች፤ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ።

ደምመላሽም ሳቀና ራሱን ዳበሰ። ቀስ ብሎ ቀለበቶቹን አሳያት። ይህ ለብርሃን ነው፣ ይህ ለርቀት ነው። አልጣሽ ትምህርት ቤት የገባችው ለመሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ የነገራትን ግን ሁለት ጊዜ አልጠየቀችም።

በማግሥቱ አንድ የማዘጋጃ ቤት ፊልም ኪሱ ከቶ መጣ። እማማ ጣይባና አራት ጎረቤቶቻቸው ቤቱ ገቡ፤ እሱ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልጣሽ ፊቷ በርቶ ጠራችው።

"ሁሉንም አነሳኋቸው!"

"እሰይ!"

"መግባታቸውን ልይ ብዬ ጀርባውን ከፍቼ አየሁት። ምንም የለበትም። ገና ነው መሰለኝ።"

ደምመላሽ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ፊልም ብርሃን ካገኘው ማለቁን ሊነግራት ረስቷል። ለእሱ ይህ፣ እሳት ያቃጥላል እንደማለት ያህል ነበርና ሊነገር የሚገባው አልመሰለውም። አልጣሽ ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "እማማ ጣይባን ምን እላቸዋለሁ?" የምትለው እሷ ናት። እሱ የሚያስበው ደግሞ አለቃውን ምን እንደሚል ነበር፤ እያንዳንዱ ፊልም ተፈርሞበት ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል።

የማዘጋጃ ቤቱ አለቃ አቶ በላቸው የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ አንድ ፊልም ተበላሽቷል።"

"ፊልም ይበላሻል" አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ደምመላሽ እዚያ ላይ ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። እግሩም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። "ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም ጋሼ። ሚስቴ ናት።"

አቶ በላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ደምመላሽ ቆሞ ከደብዳቤው ጀምሮ እስከ ካሜራው ጀርባ ድረስ ሁሉንም ተናገረ፤ ምንም አልደበቀም።

"ለምን አልዋሸኸኝም? አምንህ ነበር እኮ።"

"ስለሚያምኑኝ ነው።"

አቶ በላቸው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰልፍ ፎቶ በእስክሪብቷቸው አመለከቱ። "ያንን መፈክር አንብብልኝ። ዓይኔ ደክሟል።"

"ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም።"

"ድገመው።"

ደገመው። አቶ በላቸው ወረቀት ስበው መጻፍ ጀመሩ። "የቀበሌው የሴቶች ማኅበር፣ አባሉ የሆነችው ጓድ አልጣሽ የፎቶግራፍ ሥራ ሠልጥና ሴቶችን በነፃ እንድታነሳ ይጠይቃል። ማኅበሩ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ እኔ ነገ እፈቅዳለሁ። አንተ ኃላፊነቱን ትፈርማለህ። የተበላሸው ፊልም ለሥልጠና ዋለ ብዬ እጽፋለሁ፤ ውሸት ነው?"

"እውነት ነው ጋሼ" አለ ደምመላሽ።

ጓድ ቀለሙ የአቶ በላቸውን የፈቃድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበበው። "ሁለቱም ጆሮ ይታያል?"

"ይታያል።"

"ራስ?"

"ያልተሸፈነ።"

"ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?"

"ፎቶ አንሺዋ ናት።"

ጓድ ቀለሙ ማኅተሙን አነሳ፤ ከትከሻው ላይ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰና መታው።

ጥቅምት ሃያ አራት ቀን አዳራሹ የሴቶች ሆነ። መስኮቶቹ ከታች በኩል በአንሶላ ተጋረዱ። ደምመላሽ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው፤ ደመናው ሲመጣ፣ "አልጣሽ፣ ቀለበቱን አንድ አውርጂ!" ይላል፤ ፀሐይዋ ስትወጣ፣ "መልሺው!" ይላል። ከውስጥ ሳቅ ብቻ ነው የሚመለስለት። አንዷ፣ "ጆሮዬ ከሰርጌ ወዲህ ፀሐይ አላየም፣ ተጠንቀቂልኝ!" ስትል ይሰማል። ሌላዋ፣ "እንዲህ መንኮራኩር የምታክል ጉትቻ አድርጌ ቀበሌ ልግባ?" ትላለች። አልጣሽ፣ "ቀና በይ፣ እንደ ሙሽራ! አሁን ሙሽራ አፏን ትከፍታለች?" ትላለች፤ ደግሞ ሳቅ።

የሚያልፉ ወንዶች ቆም እያሉ ያዩታል። "ደምመላሽ፣ ማዘጋጃ ቤት ዘበኛ አደረገህ እንዴ?"

"እድገት ነው" ይላል።

ያን ቀን አርባ ሰባት ሴቶች ተነሱ።

የቀረው ማጠቡ ነው። የማዘጋጃ ቤቷ ጨለማ ክፍል ወንድ ይበዛባታል ተብሎ የአልጣሽ ጓዳ ተደፍኖ ቀይ አምፖል ገባለት። ሥዕሉን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥለውን ማጉያ አቶ በላቸው አስፈረሙና አዋሱ። ፊልሙን ወደ ማጠቢያው ጣሳ ማስገባት ድፍን ጨለማ ውስጥ በእጅ ዳበሳ የሚሠራ ነው፤ የአልጣሽ እጅ ጥጥ ሲፈትል የኖረ ነውና ከእሱ ቀድሞ ለመደው። ያስቸገረው መድኃኒቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጓዳ ውስጥ ሰዓት አይታይም፤ እሱ ከውጭ እንዳይቆጥር ልጆቹ ይጮኹበታል።

ደምመላሽ ብቻውን ሲሠራ ጊዜውን የሚለካው በአባታችን ሆይ ነበር፤ ይህን ለማንም አልነገረም፣ ለአልጣሽ ብቻ ነገራት። እማማ ጣይባ ከውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ "እሱማ እኛም ዘንድ አለ" አሉና ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ አወጡ። ደምመላሽ ደጅ ሰዓቱን ይዞ ቆመ። እማማ ጣይባ እንደ ልማዳቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ ዘጠና ዘጠኙን ጠጠር እስከ መጨረሻው አወረዱ። አንድ ደቂቃ ተኩል ሆነ። ለወረቀት ልኩ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጓዳ ሕጉ እንዲህ ሆነ፤ ለወረቀት አንድ ዙር፣ ለፊልም ስድስት ዙር። እማማ ጣይባ "ሱብሐነላህ" ይላሉ፣ አልጣሽ ትሪውን ታንቀሳቅሳለች፣ ደምመላሽ ከበሩ ውጭ አምላኩን ያመሰግናል።

የመጀመሪያው ፎቶ መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ከውስጥ የእማማ ጣይባ ድምፅ ተሰማ።

"ያ ረቢ! ይቺ እናቴ አይደለችም?"

"እርስዎ ነዎት እማማ።"

"የለም፣ የለም። ይህ ጆሮ የእናቴ ነው። እኔ ዘንድ መኖሩን አላውቅም ነበር።"

ደምመላሽ በሩን ተደግፎ ሰማ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ፊት ወረቀት ላይ ሲወጣ አይቷል፤ ያን ቀን የወጣውን ግን ለማየት የጓጓውን ያህል የጓጓበት ጊዜ የለም። አላየም። አልጣሽም አላሳየችውም። ኋላ ሰዎች ስለ እነዚያ ፎቶዎች ማማር ሲያወሩ "ይባላል" ብቻ ነበር የሚለው፤ ሲለው ግን ፊቱ ላይ ኩራት ነበር።

ካርዱ በጥቅምት መጨረሻ፣ ይለፍ ወረቀቱ በኅዳር አምስት ተሰጠ። በኅዳር ሰባት ደምመላሽ ለሥራ ኮምቦልቻ ሲላክ አልጣሽም ተከተለች፤ እማማ ጣይባን ከአሰቡ አውቶቡስ ላይ ለማድረስ ነው። የገንፎ እህሉ፣ ቅቤው፣ የአራስ ልጅ መጠቅለያው አንድ ከረጢት ሞልቷል። ወደ ባቲ መውጫ ባለው ኬላ ላይ ተሳፋሪ ወርዶ ተሰለፈ፤ ደምመላሽና አልጣሽም እስከዚያ ሸኝተዋቸው አጠገባቸው ቆሙ።

"መታወቂያ!" አለ ዘበኛው።

እማማ ጣይባ ካርዱን ከደረታቸው አወጡና ሰጡ። ዘበኛው ካርዱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ መልሶ ካርዱን አየ። ካርዱ ደምመላሽ ከቆመበት ክንድ አይርቅም። ደምመላሽ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

"እማማ፣ እዚህ ላይ ጆሮ አለ። እርስዎ ላይ የለም።"

"እዚያው ላይ ትቼዋለሁ ልጄ። መንግሥት ጠይቆኝ ሰጠሁት፤ አሁን ደግሞ አንተ ልትጠይቀኝ ነው?"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ዘበኛውም እንዳይስቅ ታገለ፣ አልቻለም። "ይለፉ፣ ይለፉ። መንገዱ ሞቃት ነው፣ ውሃ ይያዙ።"

እማማ ጣይባ አልጣሽን አገላብጠው ሳሙ። ለደምመላሽ በመስኮቱ፣ "አላህ ዓይንህን አይንሳህ" አሉት። አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አስራ ሁለት ቀን ምንም ወሬ አልመጣም። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬ አይደለም። አልጣሽ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው የእማማ ጣይባን የተዘጋ በር ነበር። ደምመላሽ ኮምቦልቻ በወረደ ቁጥር ከአሰብ የመጣ የጭነት መኪና ሲያይ ይጠይቃል፤ ከወደብ ሠራተኛ መልእክት የያዘ አላገኘም። የአልጣሽ ሥራ ግን አልቆመም፤ የሌላ ቀበሌ ሴቶችም ሰምተው "እኛንም" ብለው መጥተው ነበር። ጓዳው ውስጥ አሁን ሙስበሃ የሚቆጥሩት ሌላ ባልቴት ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚያወርዱት ፎቶው እየነጣባት አልጣሽ፣ "ቀስ ይበሉ፣ አላህ አይቸኩልም" ትላቸዋለች።

በኅዳር አስራ ዘጠኝ አንድ የጭነት መኪና ረዳት አቧራ እንደለበሰ ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ "የፎቶ አንሺዋ ቤት ይህ ነው?" አለ።

ደምመላሽ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ልጁ ቀጠለ፤ "ለፎቶ አንሺዋ ለራሷ ንገር ተብያለሁ።"

አልጣሽ እጇ በመድኃኒት እንደራሰ ከጓዳ ወጣች።

"እማማ ጣይባ ልከውኝ ነው። ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች። የተወለደችው ሴት ናት።"

"እሳቸውስ? ደርሰውላታል?" አለች አልጣሽ።

"በሦስት ቀን ቀድመው ገብተዋል። ‘እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ በላት’ ብለውኛል።"

አልጣሽ የረጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ደምመላሽ ረዳቱን አስገብቶ ውሃ ሰጠው፤ እንጀራም ቀረበ። ከጓዳው ውስጥ ባልቴቲቱ፣ "አልጣሽ፣ ዙሩ አልቋል፣ ፎቶዋ ላይ ያለችው ልጅ ልትጠቁርብሽ ነው!" ብለው ጮኹ። አልጣሽ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወደ ሥራዋ ሮጠች፤ ደምመላሽ በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጎ ዘጋላት።